ሃያ አንድ ዓመት የቀረው ቤት

ሥራዬ ሊዝ ማራዘም ነበር ስል ሰው ቶሎ አይገባውም። ነርስ ነበርኩ ብል፣ ታክሲ እነዳ ነበር ብል ማንም ደግሞ አይጠይቀኝም። ጡረታ ስወጣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ምሳ አዘጋጅተውልኝ ነበር። መጋቢያችን ሊያመሰግኑኝ ተነሡና "እኅታችን ትርሲት ለብዙ ዓመት በ... በሕግ ነገር ውስጥ..." ብለው ቆሙ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራውን ሥራ ጎረቤቱ መንገር ካቃተው፣ አንድ ቀን ራሱ ቢጽፈው ይሻላል ብዬ ይህን ጀመርኩ።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ሰው ሱቅ ወይም ቤት ይከራያል። ውሉ ላይ "ተከራዩ ከፈለገ ለተጨማሪ አምስት ዓመት ሊያራዝም ይችላል" የሚል አንቀጽ ይኖራል። ግን እዚያው ሥር፣ ማራዘም የሚፈልግ ውሉ ሊያልቅ ይህን ያህል ቀን ሲቀረው፣ በጽሑፍ፣ በዚህ አድራሻ ያሳውቅ ይላል። ያ ቀን ካለፈ አንቀጹ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። እኔ እንጀራዬን የበላሁት ያ ቀን እንዳያልፍ በመጠበቅ ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ሎስ አንጀለስ ስመጣ ዕድሜዬ አርባ አምስት ነበር። ኢንግልዉድ ገባሁ፤ ሥራ ያገኘሁትም እዚያው ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ትኬት መቀበል ነበር። ትኬት ለጠፋበት ሰው የሚሞላ አንድ ደብተር ነበረን። ሌላው ሠራተኛ ተራው ሲደርስ እንደመጣለት ይጽፍበታል። እኔ ግን በማስመሪያ አሰምሬ፣ ገጹን ቁጥር ሰጥቼ፣ ስህተት ሲገባብኝ በአንድ መስመር ሰርዤ ጎኑ ላይ እፈርም ነበር። የመዝገብ ቤት ልማድ ነው፤ አይለቅም።

አንድ ቀን ኮትና ክራቫት ያደረጉ ጠና ያሉ ሰው ትኬታቸው ጠፍቶባቸው ደብተሩ ላይ ሊፈርሙ መጡ። ብዕሩን እንደያዙ ገጹን ወደ ኋላ እያገላበጡ አዩት። ከዚያ በአማርኛ፣ "የትኛው ፍርድ ቤት ነበርሽ?" አሉኝ። ጋሼ ንጉሤን የተዋወቅሁት እንዲህ ነው። በወሩ የሐበሻ ሱቆች በሚበዙበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው ቢሯቸው ገባሁ።

ቢሮው አንድ የጉዞ ወኪል ካለበት ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት መደርደሪያ፣ አንድ መስኮት። በሩ ላይ "ትርጉም፣ ኖታሪ፣ ውል" ይላል። ጋሼ ንጉሤ ጠበቃ አልነበሩም፤ ይህንንም ደንበኛ ገና ሳይቀመጥ ይነግሩታል። ጠበቃ የሚፈልግ ነገር ሲመጣ ለጠበቃ ይልካሉ። የእኛ ሥራ ውሉን አንብቦ ለባለቤቱ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት፣ ቀኑን መያዝ፣ ደብዳቤውን አዘጋጅቶ በሪኮማንዴ፣ ተቀባዩ ፈርሞ በሚረከበው ፖስታ፣ መላክ ነበር።

ያስተማሩኝ ቁጭ አድርገው አይደለም፤ ሲሠሩ እያየሁ ነው የተማርኩት። ውል ከኋላ ነው የሚያነቡት። መጀመሪያ ፊርማውን፣ ቀጥሎ በኋላ የተጨመሩትን ወረቀቶች፣ መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን ገጽ። "ሰው መጀመሪያ ገጽ ላይ ይስማማል፤ መጨረሻ ገጽ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል" ይሉ ነበር። ውሉን ከማንበባቸው በፊት ደግሞ ቦታውን በእግራቸው ሄደው ያዩታል። ሁለት በር ያለው ሱቅ ውሉ ላይ አንድ በር ብቻ ተጽፎ ያገኙት እንዲህ ሄደው ነው። አድራሻ ሲጻፍ አንዳችን ቁጥር በቁጥር ጮኽ ብለን እናነባለን፣ ሌላችን ከዋናው ወረቀት ጋር እናመሳክራለን። ውሉን እስከ መጨረሻው ሳያነቡ ለማንም "አይዞህ" አይሉም። ውሃ ቀድተው ይሰጡታል እንጂ።

ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን የቀቀሉትን እንቁላል አሮጌ ጋዜጣ ላይ ይልጣሉ። ነሐሴ ሙቀት ላይ እንኳ ኮታቸውን አያወልቁም። ደመወዜ ብዙ አልነበረም፤ አንድም ቀን ግን ዘግይቶብኝ አያውቅም።

በፈረንጆቹ ከሁለት ሺህ አሥር በኋላ ባሉት ዓመታት ፌርፋክስ ላይ ኪራይ መናር ጀመረ። ሕንፃ የሚሸጠው በዛ፤ የድሮው አከራይ ሄዶ አዲስ ይመጣል። ማራዘሚያ ያለው ተከራይ ደግሞ በድሮው ዋጋ የመቆየት መብት ስላለው አዲሱ ባለቤት አይወደውም። አንዲት የዘገየች ደብዳቤ ሰውየውን ልታስወጣው ትችላለች። ይህን በቃል አውቅ ነበር። በሥራ ያወቅሁት በብርሃኔ ነው።

ብርሃኔ ፀጉር ቤት ነበራት። ሦስት ወንበር፣ ሁለት ሠራተኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወረፋ። ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ሱቅ ነው። ሊዟ ሊያልቅ ሰባት ወር ሲቀረው ወረቀቶቿን በአንድ የጫማ ካርቶን ይዛልኝ መጣች። ማስታወቂያው መድረስ ያለበት ሊዙ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው ነው። በቂ ጊዜ ነበረን። ወረቀቶቹን ለይቼ፣ በስቼ፣ ፋይል አደረግኳቸው።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ንጉሤ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ሊሆኑ ሆስፒታል ገቡ። ደብዳቤውን ብቻዬን አዘጋጀሁ። አድራሻውን ከውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ወሰድኩ። ጮኽ ብዬ የማነብለት ሰው ስላልነበረ በዓይኔ አመሳከርኩና ልክ ነው አልኩ። ልክም ነበር፤ ቁጥሩ አልተሳሳተም። ቀኑ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ላክሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ፖስታው ሳይከፈት ተመለሰ። ተቀባዩ በዚህ አድራሻ የለም የሚል ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበታል። ማስታወቂያው መድረስ የነበረበት ቀን ካለፈ ስድስት ቀን ሆኖታል። ፋይሉን ከኋላ ጀምሬ አገላበጥኩ። ከኪራይ ደረሰኞቹ መካከል አንዲት ነጠላ ወረቀት አለች። ሕንፃው እንደተሸጠ፣ ከእንግዲህ ማንኛውም ማስታወቂያ ለአዲሱ ባለቤት በዚህ አድራሻ ይላክ ትላለች። ወረቀቷን የበሳኋት እኔ ነኝ። ከደረሰኞቹ ጋር ያሰርኳትም እኔ ነኝ። ሳላነባት።

ጋሼ ንጉሤ አንድ ዓይናቸው እንደታሸገ ቢሮ መጡ። ነገርኳቸው። ወረቀቷ የት እንደነበረች ጠየቁኝ፤ ማን እንዳስገባት ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ቀጥዬም፣ ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ "ፖስታ ቤት አዘገየው ብንላትስ?" አልኳቸው።

"ትርሲት፣ ሱቋን አሳጥተናታል" አሉ። "እውነቱን ደግሞ አንነጥቃትም። ዛሬውኑ ሄደሽ አንቺው ንገሪያት። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።"

ሄድን። ብርሃኔ የአንዲት ሴት ፀጉር እያጠበች ነበር። ውሃውን ዘጋች፣ ለሴትየዋ ፎጣ ሰጠቻት፣ እጇን እያደራረቀች ሰማችኝ። ምንም ሳላስቀር ነገርኳት። አልጮኸችም። "እትዬ ትርሲት፣ ያችን ወረቀት እኮ በእጅሽ ነው የሰጠሁሽ" አለች።  ወደ ሴትየዋ ተመልሳ ውሃውን ከፈተች።

አዲሱ ባለቤት ለድርድር እንኳ አልቀመጥም አለ። ጋሼ ንጉሤ ከኪሳቸው ከፍለው ጠበቃ አማከሩላት። ጠበቃው መከራከር እንደሚቻል፣ ነገር ግን ክርክሩ ሱቁ ከሚያወጣው በላይ እንደሚፈጅ ነገራት። ብርሃኔ ዕቃዋን አውጥታ ኢንግልዉድ፣ በሌላ ሰው ፀጉር ቤት አንድ ወንበር ተከራየች። ሦስት ጊዜ ፀጉሬን ልሠራ ብዬ ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ በትሕትና "ዛሬ ቦታ የለም" አለችኝ። አራተኛ አልሄድኩም። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ስለምናመልክ በየእሑዱ እንተያያለን፤ ሰላምታ እንለዋወጣለን። ይቅር አለችኝ ብዬ አልጽፍም፤ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ልተው አስቤ ነበር። ጋሼ ንጉሤ አልመከሩኝም፣ አላጽናኑኝም። በማግሥቱ አንድ ውል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና "አድራሻውን አንብቢልኝ" አሉ። አነበብኩላቸው።

ሌላኛው ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ የራሳቸውን ቢሮ ሊዝ ሳያራዝሙ ተዉት። አውቀው ነው የተዉት። ቀኑ ባለፈ ማግሥት "በቃ፣ ነፃ ወጣሁ" ብለው ሳቁ። ስለ እኔ ግን ዌስትውድ ላለች አንዲት ጠበቃ ቀድመው ነግረው ኖሮ፣ በሳምንቱ እዚያ ገባሁ። ጋሼ ንጉሤ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ጠበቃዋ ሚስ ኮል ትባላለች። ፈጣን ናት። ሁሉን ነገር የምታነበው ስክሪን ላይ ነው፤ ስትሰማም ዓይኗ ከስክሪኑ አይነሣም። ስሜ ስላስቸገራት "ቲ" ትለኝ ነበር። አድራሻ ጮኽ ብዬ የማነብለት ሰው ስፈልግ ወጣቶቹ ሠራተኞች ይስቁብኛል፤ ግን ያዳምጡኛል። አለቃ ሆና አትቆጣም፣ አታመሰግንም፤ ያልተሠራ ነገር ካልሆነ ምንም አትናገርም። ከእሷ ጋር ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ጉዳይ ነው፤ የእትዬ ፀሐይን።

እትዬ ፀሐይ ያን ጊዜ ሰባ አራት ዓመታቸው ነበር። ልጅ አልወለዱም። አሜሪካ ከመጡ ጀምሮ የሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ የታመሙ አረጋውያንን ቤታቸው አድሮ መጠበቅ። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ቤት ጓዳ ተኝተው ባጠራቀሙት፣ ከፌርፋክስ ብዙ ሳይርቅ አሥራ ስምንት ቤት ባለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ገዙ። የእኅታቸው ልጅ ሰላም በዲቪ ስትመጣ እሳቸው ዘንድ አረፈች፤ ኤርፖርት ትሠራለች። አሁን ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣም ስላላቸው፣ ቤቱን ሸጠው ቶራንስ፣ ወንድማቸው ዘንድ ሊገቡ አሰቡ። ገዢም ተገኘ። የገዢው ባንክ ግን አላበድርም አለ።

የባንኩን ደብዳቤ በፌስታል ይዘው ዌስትውድ ድረስ መጡ። አስቀምጬ ውሃ ሰጠኋቸው። ደብዳቤውንም የቤቱንም ሰነድ ከኋላ ጀምሬ አነበብኩ።

"ይኼ ወረቀት ቤቱ የኔ አይደለም ነው የሚለው?" አሉኝ።

"ቤቱ የእርስዎ ነው፣ እትዬ ፀሐይ። የእርስዎ ያልሆነው መሬቱ ነው።"

"መሬት የመንግሥት የሆነው አገር ቤት ነው እንጂ!"

"ይኼኛው የአንድ ቤተሰብ ነው። በሊዝ ነው የሰጡት፤ ሃያ አንድ ዓመት ቀርቶታል። ሲያልቅ ሕንፃው ከነቤቶቹ ለነሱ ይመለሳል። ባንኩ ለሠላሳ ዓመት ሲያበድር ሊዙ ከሠላሳ ዓመት እንዲያልፍለት ይፈልጋል።"

 ሲገዙ ይህ ተነግሯቸው እንደነበረ ጠየቁኝ። ሰነዱ ውስጥ ሊዙን የሚገልጸው ገጽ ነበር፤ ግርጌው ላይ ፈርመዋል። አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ፊርማው ላይ አስቀምጠው፣ "ፊርማዬ ነው" አሉ። ሰው አታልሎኝ ነው አላሉም። ያን ቀን ነው ይህን ጉዳይ መተው እንደማልችል ያወቅሁት።

ሚስ ኮል ሊዙን አየችው። የማራዘሚያ አንቀጽ የለውም፤ ባለመሬቱ ካልፈለገ ማንም አያስገድደውም። ያለው መንገድ ደጅ መጥናት ብቻ ነው። ባለመሬቱ ሚስተር ሃል የሚባሉ፣ ሰማንያ ያለፋቸው ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። መሬቱን ያከራዩት አባታቸው ናቸው። የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር አላቸው፤ በማኅበሩ ስም ሁለት ደብዳቤ ጻፍን። ሁለቴም ልጃቸው በሁለት መስመር መለሰች፦ ቤተሰቡ ማራዘም አይፈልግም። ሊዙ ሲያልቅ ሕንፃውን ማፍረስ ወይም መሸጥ እንደሚፈልጉ ለመገመት ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። ሚስ ኮል ፋይሉን ልዝጋ አለች። አንድ ሳምንት ስጪኝ አልኳት።

ቅዳሜ ዕለት ሄጄ ሕንፃውን በእግሬ ዞርኩት። ከሥሩ መኪና ማቆሚያ ነው፤ ቤቶቹ በቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ ተንጠልጥለዋል። የእትዬ ፀሐይ መኝታ ቤት ልክ ከምሰሶዎቹ በላይ ነው። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ከጎረቤት ግቢ የብየዳ ድምፅ ሰማሁ። ተመሳሳይ ሕንፃ ነው፤ ሠራተኞች መኪና ማቆሚያው ውስጥ ወፋፍራም የብረት ምሰሶ ይተክላሉ። ኃላፊውን ጠየቅሁት። ከተማው ለመሬት መንቀጥቀጥ የሚያሰጉ እንዲህ ያሉ ሕንፃዎች በሙሉ እንዲጠናከሩ አዟል አለኝ። "ያንቺንም ሕንፃ ይመለከታል" አለ፤ የኔ መስሎት።

የማኅበሩን ሊቀ መንበር ፈልጌ አገኘሁት። የከተማው ትእዛዝ ደርሶታል፤ መሳቢያው ውስጥ ነው። ለምን አልሠራችሁም ስለው፣ ለብረቱ ሊበደሩ ባንክ ሄደው እንደነበር ነገረኝ። ባንኩ ሃያ አንድ ዓመት ለቀረው ሊዝ አላበድርም አላቸው። አፍረው ለማንም አልተናገሩም።

ሰኞ ጠዋት ይህን ለሚስ ኮል ስነግራት ዓይኗን ከስክሪኑ አነሣች። "ኦኬ፣ ቲ፣ ተቀመጪ" አለች። ሦስተኛውን ደብዳቤ አብረን ጻፍነው። ልመና አልነበረበትም። ሊዙ ካልተራዘመ ባንክ አያበድርም፤ ባንክ ካላበደረ ብረቱ አይተከልም፣ ጣሪያውም አይታደስም። ትእዛዙ የተሰጠው በዚህ ሕንፃና በቆመበት መሬት ላይ ነው። ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ ከዚያ በፊት መሬት ካልተንቀጠቀጠ፣ ልጆችዎ የሚረከቡት ይህንን ነው። የጎረቤቱን ሕንፃና የኛን ምሰሶዎች ፎቶ አንሥቼ አብሬ አስገባሁ። አድራሻውን ለወጣቱ ጸሐፊ ጮኽ ብዬ አነበብኩለት፤ በሪኮማንዴም ላክሁት።

በዘጠነኛው ቀን ሚስተር ሃል ራሳቸው ደወሉ።

ዌስትውድ ሲመጡ የአባታቸውን የመጀመሪያ ውል በቆዳ ማኅደር ይዘው ነበር፤ ልጃቸውም አብራቸው መጥታለች። ከባለቤቶቹ ስምንቱ ተገኙ። ልጅየዋ ስለ ዋጋ ልትናገር ስትጀምር ሚስተር ሃል አቋረጧትና፣ ከምሰሶዎቹ በላይ የሚተኛው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ፎቶውን አይተው ነው። እትዬ ፀሐይ እጃቸውን አነሡ። ሚስተር ሃል፣ መሬቱ ትንሽ ሲነቃነቅ ይሰማዎታል ወይ አሏቸው። አስተረጎምኩ።

"አልጋዬ ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ነው የምነቃው" አሉ እትዬ ፀሐይ። "ያን ጊዜ የእኅቴን ልጅ ከአልጋዋ ጎትቼ የበሩ መቃን ሥር እንቆማለን። እግዚአብሔር ካላዘዘ አንሞትም። ግን በየጊዜው እሱን ማስቸገር ደግ አይደለም።"

የመጨረሻውን ስተረጉም ሰውየው ፈገግ አሉ። ድርድሩ ከዚያም በኋላ አራት ወር ፈጅቷል፤ የመሬቱ ኪራይም ከፍ ብሏል። ሠላሳ ዓመት ሊጨምሩ፣ ባለቤቶቹ ደግሞ ብረቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ሊያስተክሉ ተስማሙ። አንድ ነገር ቀረ፦ አሥራ ስምንቱም መፈረም አለባቸው።

አሥራ ሰባቱ ፈረሙ። አሥራ ስምንተኛዋ ሚስ ሩት፣ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ፣ ከኋላ በኩል ካለው የታች ቤት ብቻዋን የምትኖር አሜሪካዊት ነበረች። ሠላሳ ዓመት ለኔ ምን ያደርግልኛል ብላ በሯን ዘጋች። ሊቀ መንበሩ ሄደ፣ አልከፈተችም። ሚስ ኮል ሄደች፣ አልከፈተችም። እኔም ሄጄ በመስኮት አነጋግራኝ መለሰችኝ። የሚስተር ሃል ልጅ በዚህ መሃል በወሩ መጨረሻ ሁሉም ካልፈረመ ስምምነቱ ቀርቷል ብላ ጻፈች። ሦስት ሳምንት ቀርቶናል።

እትዬ ፀሐይ ይህን ሲሰሙ በዚያ ጉልበታቸው ደረጃውን ወርደው አንኳኩ። ስለ ፊርማ አላነሡባትም። በሩ ገርበብ ሲል ያዩት እግሯን ነው፤ አብጦ ጫማዋ ውስጥ አልገባ ብሏል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ እግር ሲያክሙ ኖረዋል። ገብተው አስቀመጧት፣ እግሯን ትራስ ላይ ሰቀሉላት፣ ሐኪሟ ዘንድ አስደወሉላት። በማግሥቱም ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ሚስ ሩት ራሷ ተናገረች። ጡረታዋ የተጨመረውን የመሬት ኪራይ አይችልም። ይህን በጎረቤቶቿ ፊት ከመናገር እምቢ ማለት ቀሏት ነበር።

እትዬ ፀሐይ ያን ቀን ከሰዓት ደወሉልኝ። "ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም" አሉ። "አፍራ ነው። እንዳታፍር አድርገሽ ጻፊላት።"

ሚስ ኮል አንድ ገጽ ተጨማሪ ስምምነት አረቀቀች። የሚስ ሩትን ጭማሪ አሥራ ሰባቱ ይካፈሉታል፤ ቤቷ አንድ ቀን ሲሸጥ ከሽያጩ ይመለስላቸዋል። ሁለቱ አጉረመረሙ፤ ግን ፈረሙ። ፊርማ የማረጋግጥ ኖታሪ ስለሆንኩ ሚስ ሩትን ያስፈረምኳት እኔ ነኝ፣ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ። ለአሻራ አውራ ጣቷን መዝገቤ ላይ ሳሳርፍ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጠገቧ የተቀመጡት እትዬ ፀሐይ ክርኗን ደገፍ አደረጉላት። ወሩ ሊያልቅ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ሰነዱ ተመዝግቦ ማኅተም ካረፈበት በኋላ አንድ ቅጂ ይዤ እትዬ ፀሐይ ዘንድ ሄድኩ። እሑድ ከሰዓት ነው፤ ሰላምም ቤት ነበረች። ከታች የብረቱ ሥራ ተጀምሮ ስለነበር መኪናዬን ሩቅ ፓርክ አድርጌ በእግሬ መጣሁ። አሁን ማንም ባንክ ለገዢ እንደሚያበድር ነገርኳቸው፤ ያ የድሮው ገዢም አሁንም እንደሚፈልግ ሊቀ መንበሩ ነግሮኝ ነበርና ያንንም ጨመርኩ።

እትዬ ፀሐይ ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝ። "የዛሬ ስንትና ስንት ዓመት ሳላነብ ፈረምኩ። አሁን ሙሉውን በአማርኛ አንብቢልኝ" አሉ።

አሥራ ሁለት ገጽ ነው። አነበብኩ። የመሬቱ ድንበር ላይ ስደርስ፣ ከመንገዱ መሃል ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይህን ያህል፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ይህን ያህል እያልኩ ስተረጉም፣ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እየሳሉ ተከተሉኝ። ሰላም ሁለት ጊዜ ልትነሣ ስትል "ቁጭ በይ፣ ላንቺ ነው የሚነበበው" አሏት። ያን ጊዜ አልገባንም። አንብቤ ስጨርስ ግን ቤቱን እንደማይሸጡት ነገሩን። የሰላም ስም እንዲገባበት ፈለጉ።

"እትዬ፣ ገንዘቡ እኮ ያስፈልግሻል" አለች ሰላም። "ሶ፣ ቶራንስ በምን ልትኖሪ ነው?"

"በጡረታዬ። ወንድሜ ኪራይ አያስከፍለኝም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ትርሲት፣ አሁን ስንት ዓመት አለው አልሽኝ?"

"አምሳ አንድ።"

ሰላም ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። እትዬ ፀሐይ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደመሩት። ሁለት ጊዜ ደመሩት፤ አይቻቸዋለሁ።

"ሲያልቅ ሰባ ስምንት ይሆንሻል" አሏት። "እስከዚያ አትጠብቂ። አምሳ ሲሞላሽ ማራዘሙን ጀምሪ። እኔ ዘግይቼ ነው የጀመርኩት።"

እኔ ልሥቅ ነበር። ሰላም አልሳቀችም። "እሺ" አለች።